ውሃውን አቁምልኝ ብዬ ነበር

የቅዱስ ሚካኤል ስለት አለብኝ። ጃንጥላውን አስገብቻለሁ። «ካወጣኸኝ ሥራህን እናገራለሁ» ያልኩት ግን ቀርቶብኝ ነበርና ዛሬ ልናገር።

ያደግኩት ሻኪሶ ነው። አባቴ በገበቴ ወርቅ ያጥብ ነበር። «ወርቅ ሰነፍ ነው፤ ከባድ ስለሆነ ትልቅ ድንጋይ ሥር ይተኛል» ይለኝ ነበር። ስንት ዓመት አልፎ አላስካ፣ ፌርባንክስ ታክሲ ስነዳ አንድ ተሳፋሪ ስለ ፎርቲማይል ወንዝ አጫወተኝ። ወርቅ የተገኘበት በ1886 እ.ኤ.አ. ነው፤ ስመ ጥሩውን ክሎንዳይክን በ10 ዓመት ይቀድመዋል። በቃ፣ ሻኪሶ ተነሳብኝ።

ከአንድ የአገሬ ልጅ ጋር ሄድን። ማረፊያችን ቺክን የምትባል ሚጢጢ መንደር ናት። የድሮ ወርቅ ፈላጊዎች በአካባቢው ወፍ በታርሚጋን ሊሰይሟት ፈልገው፣ አጻጻፉ ቢያስቸግራቸው «ዶሮ» ብለው ተገላገሉ ይባላል። መንገዱ በበረዶው ወራት ይዘጋል። አብዛኛው ቦታ ባለቤት ስላለው እኛ ከፍለን በተፈቀደልን ዳርቻ ላይ ነበር የምናጥበው።

በሦስተኛው ቀን ጓደኛዬ ነዳጅ ሊቀዳ ሄደ። እኔ የአባቴን ምክር ይዤ አንድ ትልቅ ድንጋይ ሥሩን ቦረቦርኩት። ድንጋዩ ተንሸራተተና ቀኝ እግሬን ከቁርጭምጭሚቴ በታች ያዘው። አልሰበረኝም፣ ግን አይለቅም። አካፋው እጄ አይደርስበትም። ስልክ አይሠራም።

ከዚያ ውሃው መጨመር ጀመረ። በላዬ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ከወንዙ ራስጌ ግን ዘንቧል። እዚያ አገር ከመሬቱ ሥር ዓመቱን ሙሉ የማይቀልጥ በረዶ አለ። ዝናቡ አይሰርግም፣ ሁሉም ወንዙ ላይ ይደፋል። ጉልበቴ ላይ የነበረው ውሃ ወገቤ ደረሰ። ብርዱ አጥንት ይቆረጥማል።

ቀኑ ሰኔ 12 መሆኑ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። «ቅዱስ ሚካኤል፣ እስራኤልን በባሕር መሐል የመራህ፣ ይህን ውሃ አቁምልኝ!» ብዬ ጮህኩ።

አልቆመም። ጨመረ። እውነቱን ለመናገር፣ ተቀየምኩ።

ትንሽ ቆይቶ ከተረከዜ ሥር ጠጠሩ ሲሸሽ ተሰማኝ። የሞላው ውሃ ድንጋዩ ሥር ገብቶ አሸዋውን እየጠረገ ያወጣዋል። ገበቴ ሲሽከረከር ልክ እንዲህ ነው፤ ቀላሉ ይሄዳል፣ ከባዱ ይቀራል። ጎንበስ ብዬ በያዝኩት የፕላስቲክ ገበቴ ጠጠሩን መዛቅ ጀመርኩ። እግሬን ሳብኩት። ቦቲው እዚያው ቀረ፣ እግሬ ወጣ። ገበቴውን ወንዙ ወሰደው።

ጓደኛዬ ሲመለስ ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ሊሆን ነው፣ ፀሐይዋ ግን ገና አልጠለቀችም። በአንድ እግር ቦቲ እየተንቀጠቀጥኩ ሲያየኝ፣ «አንተ፣ ምን ሆነህ ነው?» አለና ጃኬቱን አወለቀልኝ።

በኋላ ስነግረው፣ «ይሄ እኮ የውሃ ጠባይ ነው» አለኝ። ነው። እኔም የውሃ ጠባይ አላጣሁትም። የለመንኩት ግን እንዲቆም ነበር። እንዳልኩት ቢሆን ኖሮ እግሬ እንደተያዘ እዚያው ነበርኩ።

ጃንጥላውን የገዛሁት በታክሲ ገንዘብ ነው። የሦስት ቀኑ ወርቅ ለእጀታውም አይበቃም።