ፍሬን ይዛችሁ ውረዱ ያልኩት እኔ ነኝ

ኮምቦልቻ መሃሏ ሜዳ ነው። ስለዚህ ተማሪውም የፋብሪካ ሠራተኛውም ብስክሌት ይነዳል። እኔም እዚያ አንዲት ጠባብ ብስክሌት መጠገኛ ቤት ውስጥ ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ጎማ እንለጥፋለን፣ ራጂ እንቀይራለን፣ የተጣመመ ቸርኬ እናቀናለን፣ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ እናከራያለን። ይህ የምነግራችሁ የዛሬ ስድስት ዓመት የሆነ ነው፣ መስከረም ሊያልቅ ሲል።

ሐሙስ ዕለት አምስት መምህራን መጡ። ሦስቱ ሴቶች ናቸው። ሐይቅን በብስክሌት ማየት እንፈልጋለን፣ ጊዜ ከተረፈን አርድቦንም እንጨምራለን አሉ። ሐይቅ ስል ከደሴ ወደ ወልዲያ ሲሄዱ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለውን ነው፤ ከተማውም ውሃውም ስማቸው አንድ ነው። አርድቦ ደግሞ ከእሱ ብዙም ሳይርቅ ኮረብታዎቹ መካከል ከፍ ብሎ ይገኛል። ሞልቶ ሲፈስ ውሃው ወደ ታችኛው ሐይቅ ይወርዳል። ከታችኛው ግን ፈስሶ የሚወጣ ወንዝ የለም፣ የመጣውን ሁሉ ይዞ ይቀራል። ጥልቀቱ ከ80 ሜትር በላይ ነው። እኔ እነዚህን ሁለት ሐይቆች ከልጅነቴ ጀምሮ እወዳቸዋለሁ። አገሬው በአጠገባቸው በመኪና ሽው ብሎ ሲያልፍ ሁልጊዜ ይቆጨኛል። እና እነዚህ ሰዎች በገዛ ፈቃዳቸው በብስክሌት እንሂድ ሲሉኝ ምን ያህል ደስ እንዳለኝ መገመት ትችላላችሁ። ጋሼ፣ ማለትም የቤቱ ባለቤት፣ ለቅሶ ሄዶ ስለነበር ስልክ ደወልኩለት። «አንተ ይዘሃቸው ሂድ፣ ግን በደንብ ፈትሽ» አለኝ።

ፈተሽኩ። ዓርብ ማታ እስከ ሁለት ሰዓት አምሽቼ ነው የፈተሽኩት። ሰንሰለቱን ዘይት ቀባሁ፣ የፍሬን ገመዶቹን አጠበቅሁ፣ ነፋሱን ሞላሁ። ከዚያ ስድስቱንም አንድ በአንድ አስፋልት ላይ አውጥቼ ነዳኋቸው። ፍሬን ስይዝ ቀጥ ይላሉ። አንደኛው ብስክሌት ላይ ብቻ የፊት ጎማው ካላማዳሪ፣ ማለትም ውስጡ ያለው ነፋስ የሚሞላው ላስቲክ፣ ሦስት ቦታ የተለጠፈ ነበር። ነፍቼ ውሃ ውስጥ ነከርኩት፤ አንድም አረፋ አልወጣም። አዲስ ካላማዳሪ መደርደሪያው ላይ አለ። ግን ይህ ነፋስ ካልወጣው ለምን አዲስ አወጣለሁ ብዬ መልሼ ገጠምኩት። ለጋሼ ንብረት አሰብኩ እንጂ ማን እንደሚነዳው አላሰብኩም።

ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ብስክሌቶቹን ፒክአፕ ላይ ጭነን ወደ ደሴ ወጣን። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር አካባቢ ናት፣ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ። ያንን ዳገት በኪራይ ብስክሌት የሚወጣ ሰው ሐይቅ ሳይደርስ ጉልበቱ ያልቃል። ደሴን አልፈን አወረድን። ብርድ ነበር፤ የጦሳ ተራራ አናቱ ላይ ጉም ጥምጥም አድርጓል። ሰዎቹን ሰብስቤ ምክር ሰጠሁ። ቃሌን እስከ ዛሬ አስታውሰዋለሁ። «ቁልቁለት ነው፣ እንዳይወስዳችሁ። ከላይ እስከ ታች ፍሬን ይዛችሁ ቀስ እያላችሁ ውረዱ።»

ሰዎቹም የታዘዙትን አደረጉ። በተለይ አንዷ፣ ፊዚክስ የምታስተምረው፣ ቁልቁለት ትፈራለች። ያ ሦስት ቦታ የተለጠፈው ደግሞ የደረሰው ለእሷ ነበር። ፍሬኑን ለአፍታም ሳትለቅ የሚሮጥ ሰው በሚቀድማት ፍጥነት ትወርዳለች። እኔ ከኋላዋ ነኝ። ዐደይ አበባው በሁለቱም በኩል ቢጫ ሆኗል፣ ታች ሸለቆው ውስጥ ማሽላው ቆሟል፣ ልጆች እየሮጡ ይከተሉናል። በመሃል የተቃጠለ ጎማ ሸተተኝ። የመኪና ነው ብዬ አለፍኩት።

አንድ ኩርባ ላይ የፊት ጎማዋ ፍሽሽ አለ። በአንድ ትንፋሽ ነው የተነፈሰው። መሪው ከእጇ ሸሸ፣ ብስክሌቱ ተጋደመ፣ እሷም በጎኗ ጠጠሩ ላይ ወደቀች። ከኋላችን የሚመጣ አይሱዙ ነበር። ሾፌሩ ቀድሞ አይቷት ስለነበር ፍጥነቱን ቀንሶ ቆመ። ያንን ሰው ሁልጊዜ እመርቀዋለሁ። ዘሎ ወርዶ «አብሽሪ እህቴ፣ አብሽሪ፣ ምንም የለም» እያለ ከጀሪካን ውሃ ቀድቶ ክርኗን አጠበላት። ክርኗ ተቀድዶ ነበር። መዳፏም ተልጧል። ጭንቅላቷ ደህና ነው። እኔ ቆሜ እንቀጠቀጣለሁ።

ሾፌሩ ጋቢና አስገብቶ ሐይቅ ከተማ ድረስ ወሰዳት፣ አንድ ባልደረባዋም አብሯት ሄደ። ጤና ጣቢያ ሦስት ቦታ ሰፏት። እኔ መንገድ ዳር ቀረሁና ጎማውን ልፈታ ስል ቸርኬው እጄን ፈጀኝ። ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። ምስማርም ጠርሙስም የለም። ከልጣፎቹ አንዱ ግማሹ ተነስቷል፤ ሥሩ ያለው ማስቲሽ ለስልሶ እንደ ማር ይሳባል። ውሃ ውስጥ አንድ አረፋ ያላወጣው ካላማዳሪ ሙቀት አሸነፈው። የሌሎቹን ቸርኬዎች ጠጋ ብዬ ስነካካ ሁሉም ግለዋል። እሷ ቀደመች እንጂ ሌሎቹም መውደቂያቸው ሩቅ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ አላስነዳኋቸውም። እየገፋን በእግር ወረድን።

ሐይቅ ስንደርስ እሷ አሳ ቤት በረንዳ ላይ ክንዷን ታስራ ተቀምጣለች። ይቅርታ ልጠይቃት ስጀምር «ቆይ ተቀመጥ መጀመሪያ» አለችኝ። የተጠበሰ ቆሮሶ መጣ። እየበላን የሆነውን ሁሉ ነገርኳት፣ አዲሱ ካላማዳሪ መደርደሪያ ላይ እንደነበረም ሳልደብቅ። አልተቆጣችም። ከቦርሳዋ ወረቀት አወጣች። እኔና ብስክሌቱ አንድ ላይ 85 ኪሎ እንሁን፣ ከደሴ እስከዚህ 500 ሜትር ወረድን እንበል አለች። አበዛችው፣ ከ400 ኪሎ ጁል በላይ ወጣ። «ይህ ማለት ከአንድ ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ አፍልቶ ቡና የሚያስጠጣ ሙቀት ነው» አለችኝ። ይህ ሁሉ ጉልበት የሆነ ቦታ መውጣት አለበት። ሰው ሞቅ አድርጎ ሲነዳ አየሩ እየተጋፋው ብዙውን ይወስዳል፣ ቸርኬውንም ያቀዘቅዘዋል። እንደ እሷ ቀስ ብሎ ፍሬን ይዞ የሚወርድ ሰው ግን ሁሉንም ማለት ይቻላል የሚያራግፈው የፍሬኑ ጎማና ቸርኬው ላይ ነው።

እዚያው ጋሼ ደወለ። ሁሉንም ነገርኩት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «ብስክሌቱን የፈተሽከው ኮምቦልቻ ነው፣ የሄደው ግን ሌላ አገር ነው። ሜዳ ላይ የማይያዝ ፍሬን የለም ልጄ» አለኝ። ስለ ገንዘቡ አንድ ቃል አላነሳም። ያ ነው ይበልጥ የከበደኝ።

እንመለስ ይሆናል ብዬ ነበር። እሷ ግን እግሬ ደህና ነው አለች። ብስክሌቶቹን አሳ ቤቱ ጓሮ ትተን በእግር ወደ አርድቦ አቀናን። አንድ ገበሬ አቋራጩን አሳየን። ዳገቱ ላብ ያስወጣል፣ ግን ከፍ ባላችሁ ቁጥር ከኋላ የታችኛው ሐይቅ ይሰፋል፤ ሐይቅ እስጢፋኖስ ያለበት ወደ ውሃው የገባ መሬት በዛፎቹ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት ገዳም ነው። የወንዶች ገዳም ስለሆነ ሴቶች አይገቡም፤ ወንዶቹ መምህራን እኛ ብቻ ገብተን ምን እናወራለን ብለው ከሩቅ ተሳለሙት። አርድቦ ስንደርስ ማንም አልተናገረም። ውሃው ሰማዩን ይዞ ተኝቷል፣ ዙሪያውን ኮረብታ፣ ከማዶ ጭስ የሚወጣባቸው ሁለት ጎጆዎች። በብስክሌት ብንመጣ ኖሮ ጎማ ጎማ እያየሁ ይህን አላየውም ነበር።

ከዚያ በኋላ አሠራራችን ተቀየረ። ቁልቁለት ለሚሄድ ብስክሌት የተለጠፈ ካላማዳሪ አንሰጥም፤ የተለጠፈው ሜዳ ላይ ይሥራ። የፍሬን ጎማው ከሳሳ ጊዜውን አንጠብቅም። ፍተሻውንም ቁልቁለት ላይ አደረግነው፤ ወደ ደሴ በሚወስደው ዳገት ትንሽ ወጣ ብዬ እወርድባቸዋለሁ። ለሰው የምናገረውም ሌላ ሆነ። ከኩርባ በፊት በሁለቱም ፍሬን ጠበቅ አድርገህ ያዝ፣ ቀጥታው ላይ ልቀቅ፣ እንዲነፍስበት ተወው። እጅህ ከደከመ ወይም ጎማ ከሸተተህ ቁም። በየጥቂት ኪሎ ሜትሩ ደግሞ ደከማችሁም አልደከማችሁም እንቆማለን። የሚቸኩል ሰው ሲገጥመኝ ካላማዳሪውን አውጥቼ አሳየዋለሁ። አልጣልኩትም፣ ግድግዳው ላይ ሰቅዬዋለሁ።

በጥር መምህሯ ተመልሳ መጣች፣ ክርኗ ላይ ጠባሳው አለ። ያንኑ መንገድ ካልሄድኩ አለች። እኔ ፈራሁ፣ እሷ ግን አልፈራችም። የመጀመሪያው መቆሚያ ላይ ወርዳ ከላስቲክ ጠርሙሷ ክዳን ላይ ሁለት ጠብታ ውሃ ቸርኬው ላይ አፈሰሰች። ጎንበስ ብላ አዳመጠች። ውሃው ዝም ብሎ ወረደ።

«በል እንሂድ» አለችኝ።