ቡቺን ይዤ ድብ አገር

እናቴ ድብ ያለበት ተራራ ልወጣ ነው ስላት ብዙም አልደነገጠችም። «ውሻው ካለ ምን ያስፈራሃል? ማታ ትፈታዋለህ፣ ይጠብቅሃል» አለችኝ።

እሷ የምታውቀው ውሻ እንደዚያ ነው። እኔም ያደግኩት እንደዚያ ነው። ቀን ታስሮ የዋለ ውሻ ሲመሽ ይፈታል፣ ጅቡ ላይ ሲጮህ ያድራል፣ ቤተሰቡ ይተኛል። ዋሽንግተን ስቴት ተራራ ላይ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። የተፈታ ውሻ ሮጦ ድቡን ይተናኮላል። ድቡ ሲዞርበት ደግሞ የሚሸሸው ወደ ጌታው ነው። ድቡን አስከትሎ ይመጣብሃል ማለት ነው። ስለዚህ የቡቺ ገመድ ከመኪና ወርደን እስክንመለስ ድረስ ከእጄ አይወጣም።

የሄድነው ስፓይደር ሜዶው የሚባል ተራራማ ሜዳ ነው፣ ግሌሸር ፒክ ዊልደርነስ በሚባለው ጥብቅ ዱር ውስጥ። ከሲያትል በሀይዌይ 2 ስቲቨንስ ፓስን ተሻግረን፣ ዌናቺ ሐይቅን አልፈን፣ የመጨረሻውን አቧራ ለአቧራ ነዳን። ማውንት ሬኒየር ብሔራዊ ፓርክ በእግር መንገዶቹ ላይ ውሻ አያስገባም። ይሄኛው ግን የብሔራዊ ደን መሬት ስለሆነ ይፈቀዳል።

መንገዱ ሲጀምር የድሮ የማዕድን መንገድ ነው፣ ሰፊና ቀላል። ሜዳው የሚከፈተው 8 ኪሎ ሜትር ያህል ከተሄደ በኋላ ነው። ነሐሴ ማለቂያ ላይ ስለነበርን ሃክልቤሪው ደርሷል። መልኩ አጋም ይመስላል፣ ግን እሾህ የለውም። ድቦቹ የብርዱን ወራት ተኝተው የሚያሳልፉበትን ስብ የሚያከማቹት በዚህ ሰሞን ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሲበሉ ይውላሉ። መንገዱ ላይ ያየነው እዳሪ ወይን ጠጅ መልክ ያለው፣ በፍሬ ቆዳና በጥቃቅን ዘር የተሞላ ነበር። ገና አልደረቀም። ቡቺ አፍንጫውን አስጠግቶ ለረጅም ጊዜ አሸተተው፣ ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ።

ከዚያ በኋላ ጮክ ብዬ እያወራሁ ሄድኩ። ድብ ሰው መምጣቱን ቀድሞ ከሰማ አብዛኛውን ጊዜ ዞር ይላል። የፌልፕስ ክሪክ ውሃ ግን ድምፅ ይውጣል፤ ወንዙ በቀረበ ቁጥር መጮህ ነበረብኝ።

ማታ ድንኳኑን ተከልኩና ራቅ ብዬ አበሰልኩ። ድብ በማይከፍተው ጠንካራ ጣሳ ውስጥ የእኔ ምግብ ብቻ አይደለም የሚገባው። የቡቺም ምግብ፣ የሚበላበት ሳህን፣ የጥርስ ሳሙናዬ፣ ሁሉም ይገባል። ጭኮ ይዤ ነበር። የንጥር ቅቤው ሽታ እንኳን ለድብ ለጎረቤትም ይደርሳልና ሁለት ላስቲክ ደርቤበት ነው የከተትኩት።

እኩለ ሌሊት ላይ ቡቺ የጃኬቴን ኪስ ይቧጥጥ ጀመር። እጄን ሰደድኩ። ቀን የሰጠሁት ብስኩት ስባሪ! ሽታ ያለው ነገር ድንኳን ውስጥ ይዘን ልናድር ነበር። ባትሪ አብርቼ፣ ጃኬቱንም ብስኩቱንም ይዤ ወጣሁ፣ ብርዱ አጥንት ድረስ ገባ።

ጠዋት ወደ ሜዳው ላይኛው ጫፍ ስንሄድ ቡቺ ቆመ። አልጮኸም። ከአንገቱ እስከ ጅራቱ ፀጉሩ ተነሣ፣ ገመዱ ተወጠረ። ዳገቱ ላይ፣ 60 ሜትር ቢሆን ነው፣ ጥቁር ድብ ቁጥቋጦውን በአፉ እየላጨ ነበር። ቡቺን ወደ ኋላዬ ሳብኩት። ገመዱን በግራ እጄ አሳጠርኩ፣ በቀኜ ድብ የሚያባርረውን የበርበሬ ስፕሬይ ያዝኩ። ስፕሬዩ የሚሠራው 9 ሜትር ያህል ሲቀርብ ስለሆነ መያዙ ብቻ በቂ ነበር። ድቡ በሁለት እግሩ ቆመ። ይሄ ለማጥቃት ሳይሆን አጥርቶ ለማየትና ለማሽተት ነው፤ ባውቀውም ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ። መሮጥ አይገባም። «እሺ፣ እሺ፣ እየሄድን ነው» አልኩት፣ በአማርኛ፣ ቀስ ብዬ። ፊቴን ሳላዞር ወደ ኋላ እርምጃ በእርምጃ። ድቡ ወርዶ በአራት እግሩ ሆነ፣ ዳገቱን ይዞ ዛፎቹ ውስጥ ገባ።

የቡቺ ልብ በመዳፌ ስር ሲመታ ይሰማኝ ነበር። ውሃ በእጄ አጠጣሁትና እዚያው መሬት ላይ አብረን ተቀመጥን።

ስንወርድ አንዲት ሴት ከተፈታ ውሻዋ ጋር ስትወጣ አገኘናት። ድቡን የት እንዳየነው ነገርኳት። አመሰገነች፣ ውሻዋን ጠራች፣ ገመዱን ከቦርሳዋ አውጥታ አንገቱ ላይ አሰረችለት።