በዛብህ እኔ ነበርኩ

የደብረ ብርሃን ብርድ ዛሬም አጥንት ሰርስሮ ይገባል። ጋቢዬን ተከናንቤ በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» እንደገና ያዝኩ። አሥረኛ ክፍል ሳለሁ የልብ ወለዱ ዋና ገጸ ባሕርይ በዛብህ ማለት እኔ ነበርኩ። ሳይጠይቁት ለቤተ ክርስቲያን በስለት የሰጡትን ወላጆቹን፣ ቦጋለንና ውድነሽን፣ በልቤ ስንቴ ረግሜያቸዋለሁ!

ዛሬ፣ በ43 ዓመቴ፣ አንጀቴን የበላችው ውድነሽ ናት። ልጄ በሕፃንነቷ በትኩሳት ስትቃጠል ባደረችበት ሌሊት እኔም ለጻድቃኔ ማርያም ተስያለሁ። (ጃንጥላ ነው የተሳልኩት። እሱንም ያስገባሁት በሦስተኛ ዓመቱ ነው፤ እሷው ይቅር ትበለኝ።) ያን ሌሊት ግን ሌላ ነገር ብጠየቅስ ኖሮ? እምቢ የምል አይመስለኝም።

ይህንኑ ለልጄ ነገርኳት። አሁን አሥራ አንደኛ ክፍል ናት፤ መጽሐፉን ከእኔ ቀድማ ጨርሳዋለች።

«አባዬ፣ እሱን ግን ማን ጠየቀው?» አለችኝና ወደ ስልኳ ተመለሰች።