ማሲንቆው ሲወርድ

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሳችሁ!

ሌሊት ከደብረ ብርሃን ሥላሴ ተመልሰን ጾማችንን ፈታን። አሁን ደጃፌ ላይ ፀሐይ እየሞቅኩ ነው የምጽፍላችሁ። 55 ቀን ሙሉ ዘፈን አልከፈትኩም። ዛሬ መጀመሪያ የከፈትኩት አሜሪካዊውን ዘፋኝ ቦብ ዲላንን ነው።

«ደግሞ ያን ሰውዬ!» አለችኝ እህቴ። ድምፁ ሻካራ ነው፤ እውነቷን ነው። ግን እኛ ጎንደሬዎች አዝማሪን በድምፁ ብቻ መቼ መዝነን እናውቃለን? አምና በእሷው ሰርግ ላይ የመጡት ሽማግሌ አዝማሪ ድምፃቸው አልቆ ነበር። ሁለት ስንኝ ወረወሩ። የሟች እናታችንን ስም ሳይጠሩ አነሷት። አባቴ ጋቢውን ፊቱ ላይ ሳበ። ከዚያ ወዲህ ዲላንን ስሰማ እሳቸው ይመጡብኛል።

ሰውየው ብዙ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ2016 ዘፋኝ ሆኖ የሥነ ጽሑፍ ኖቤል ተሸልሟል። እኔ ግን ከሁሉም የምወደው የልጅነቱን ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 ገና 19 ዓመቱ ሳለ ጊታሩን ይዞ ኒውዮርክ ሄደ። የሚያመልከው ዘፋኝ ዉዲ ጋትሪ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። አልጋው አጠገብ እየተቀመጠ የዉዲን የራሱን ዘፈኖች ያንጎራጉርለት ነበር። የእኛም ማሲንቆ መቺ ከአባቱ፣ ከአጎቱ እግር ሥር ነው ሙያውን የሚለቅመው።

እ.ኤ.አ. በ1965 ኒውፖርት በተባለው የፎክ (የሕዝብ ዘፈን) ፌስቲቫል ላይ፣ በለመዱት ጊታር ፈንታ የኤሌክትሪክ ጊታር ይዞ ሲወጣ ከታዳሚው የጮኸበት ነበር። ዛሬም ልማዱን አልተወም። የራሱን ዘፈን ዜማውን ለውጦ፣ አንዳንዴም ስንኙን ቀይሮ ይዘፍነዋል። ታዳሚው የትኛው ዘፈን እንደሆነ ለመለየት ጆሮውን ማቅናት አለበት። በዚህ ቅር የሚሰኙ አሉ። እኔን ደስ የሚለኝ ግን ይኸው ነው። አዝማሪ ቤት ገብታችሁ «ተቀበል!» ስትሉ የትናንቱን ግጥም ብትሰሙ ትቀየማላችሁ። የዛሬውን ነው የምትፈልጉት። ዲላንም ከ60 ዓመት በላይ ዘፍኖ ያልተሰለቸው፣ ሰው «ዛሬስ ምን ይል ይሆን?» እያለ ስለሚጠብቀው ይመስለኛል።

ከታች ሰፈር ማሲንቆ መሰማት ጀምሯል። ጾሙን ሙሉ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ከርሞ ገና ዛሬ መውረዱ ነው። ልውረድና ልስማ፤ ለግንባሩ የምለጥፍለት ብርም ይዣለሁ።

መልካም ፋሲካ፣ የኔ ውዶች!