መጽሐፌን ያረመው ረዳቴ ነው

11 ዓመት ተሳቢ ነድቻለሁ። ሞጆ፣ አዋሽ፣ ገዋኔ፣ ሚሌ፣ ሎጊያ፣ ሰመራ፣ ሰርዶ፣ ዲቼቶ፣ ጋላፊ፣ ከዚያ ጂቡቲ። ጭኖ መመለስ፣ እንደገና መውረድ። ወገቤ እምቢ ሲለኝ መኪናውን አስረከብኩና ቤት ቁጭ አልኩ። "ሁልጊዜ የምታወራውን ለምን አትጽፈውም?" ያለችኝ ባለቤቴ ናት። መስማቱ ሰልችቷት ይመስለኛል።

እንዴት አሳተምከው የሚሉኝ ስለበዙ እንደሆነው ልናገር።

መጀመሪያ የጻፍኩት አደጋ አደጋውን ነበር። የተገለበጠ ቦቴ፣ ፍሬን የከዳኝ ቁልቁለት፣ እንዲህ እንዲህ ያለውን። 60 ገጽ ያህል ሲሆን ለአንድ መምህር ጓደኛዬ ሰጠሁት። "ይሄንማ ዜና ላይ እሰማዋለሁ" አለኝ። ተናደድኩ። ቆይቶ ግን "ጋላፊ ወረፋ ስትጠብቁ ምን ስትሠሩ ትውላላችሁ?" ብሎ ጠየቀኝ፤ እሱን ስመልስ አመሸን። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ጋቢና ስለማያስተኛ ተሳቢው ሥር ካርቶን አንጥፈን እንደምንጋደም፣ ቡታጋዝ ለኩሰን ሽሮ የሚሠራው ማን እንደሆነ በየቀኑ እንደምንጣላ፣ አንዱ ሹፌር ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታ ላይ ወጥቶ ለልጁ የሒሳብ የቤት ሥራ በስልክ ሲያስረዳ ሁላችንም ዝም ብለን እንደምናዳምጠው ነገርኩት። "እሱን ጻፈው" አለኝ። የመጽሐፉ ግማሽ የወጣው ከዚያ ምሽት ነው።

ሌላው ችግር እጄ ነበር። ብዕር ስይዝ "ከላይ በተጠቀሰው መሠረት" ማለት ያምረኛል። ስናገር ግን እንደ ሰው ነው የማወራው። ስለዚህ ማታ ማታ ለስልኬ አወራሁለትና ቀን ቀን እያዳመጥኩ ገለበጥኩት። አድካሚ ነው፣ ግን ሌላ መንገድ አላገኘሁም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። መጽሐፉ ውስጥ ረዳቴ ብዙ ቦታ አለ። ሳላስፈቅደው ማሳተም ደስ አላለኝም፤ ማንበብ ደግሞ አይወድም። ሞጆ ሻይ ቤት ቀጠርኩትና ጮክ ብዬ አነበብኩለት።

ሰርዶን እንዳለፍን አንዲት የአፋር ሴት ሕፃን አዝላ፣ ባዶ ሃይላንድ ወደ መንገዱ ዘርግታ ቆማለች። በዚያ መንገድ የሄደ ያውቀዋል፤ ውሃ ስጡኝ ማለቷ ነው። እኔ "ፍሬን ያዝኩ፣ ወረድኩ፣ ከጀሪካኑ ቀዳሁላት" ብዬ ጽፌያለሁ። ረዳቴ ዝም ብሎ ሻዩን አማሰለ።

"ጋሼ፣ አንተ እኮ አልፈሃት ነበር" አለኝ።

"ምን?"

"ጭነት ይዘናል ብለህ አለፍካት። እኔ በሩን ስደበድብ ነው የቆምከው። ጀሪካን ተሸክሜ ወደ ኋላ የሮጥኩት እኔ ነኝ። አንተ ከጋቢና አልወረድክም። ጭራሽ ቶሎ በል ብለህ ጥሩንባ ነፋህብኝ።"

ልከራከር አፌን ከፈትኩ። ጥሩንባው ትዝ አለኝ።

ይህን ታሪክ ለሰው ሳወራው ሰባት ዓመት ሆኖኛል። ባወራሁት ቁጥር ትንሽ ትንሽ ደግ እየሆንኩ ሄጄ ኖሯል። ውሸት ልዋሽ ብዬ አልነበረም፣ በእውነት የወረድኩ ይመስለኝ ነበር። ቤት ገብቼ ምዕራፉን እሱ እንዳለው አድርጌ ጻፍኩት። ከነጥሩንባው። ከዚያ በኋላ መጽሐፉ ውስጥ ላሉት ስድስት ሰዎች ደወልኩና ስለ እነሱ የጻፍኩትን አነበብኩላቸው። አራቱ አንድ አንድ ነገር አስተካከሉ። አንዱ የሎጊያውን ጉዳይ "ባለቤቴ ታነበዋለች፣ በናትህ" ብሎ ለመነኝ። አወጣሁለት።

ኅትመቱ የገንዘብ ነገር ነው። የጠየቅኩበት ዋጋና ከሁለት ወር በኋላ የከፈልኩት ለየቅል ናቸው፤ ወረቀት ጨምሯል ተባልኩ። ወረቀቱ ከውጭ ነው የሚገባው፤ ማን ያውቃል፣ እኔው ራሴ ከጂቡቲ የጫንኩት ይሆናል። ማተሚያ ቤቱ 16 ገጽ፣ 16 ገጽ እያደረገ ነው የሚያስበው። መጽሐፌ 163 ገጽ ስለነበር ለሦስት ገጽ ብዬ ተጨማሪ ከምከፍል መግቢያዬን ቆርጬ 160 አደረግኩት። መግቢያው ጠፋ ብሎ የጠየቀኝ አንባቢ እስካሁን የለም። 1,000 ኮፒ አሳተምኩ። አከፋፋዩ ከሽፋኑ ዋጋ ላይ ከመቶ 35 ያህል ይወስዳል፣ የቀረውም የሚመጣው መጽሐፉ ሲሸጥ ነው። ሲሸጥም ቢሆን መመላለስ አለ፤ ስንት ጊዜ እንደደወልኩ ባልናገር ይሻላል።

ሽፋኑ ላይ የራሴን ፎቶ አድርጌ ነበር። አራት ኪሎ አንድ አዟሪ አገላብጦ አየውና "ጋሼ፣ ይሄ የሙት ዓመት መታሰቢያ ይመስላል። መኪናውን አታደርገውም ነበር?" አለኝ። ልክ ነው። ግን ታትሞ አልቋል።

ብዙው የተሸጠው በመጻሕፍት መደብር አይደለም። ሹፌሮች ናቸው የገዙኝ፣ ረዳቴም ዛሬ የራሱን ተሳቢ ይነዳል። ከወንበሩ ኋላ 20 ኮፒ አያጣም። ወረፋ ላይ ለገዢ ሲያሳይ ከመጀመሪያው አይጀምርም፤ ገጽ 94ን ይገልጥና ጣቱን ያስቀምጣል።

"እቺ ጋ የሮጥኩት እኔ ነኝ" ይላል።