የፖሊመር ክሌይ ዶቃ ቤት ውስጥ ስሠራ

ፖሊመር ክሌይ ስሙ ክሌይ (ሸክላ) ቢልም አፈር የለበትም፤ ፒቪሲ የሚባል ፕላስቲክ ዱቄትና ማለስለሻ ኬሚካል ድብልቅ ነው። የሚጠነክረው በሙቀት ብቻ ስለሆነ ሲያድቦለብሉት መቸኮል አያስፈልግም። የነካው ዕቃ ግን ወደ ምግብ አይመለስም።

በእጄ እያሸሁ አለሰልሰዋለሁ። ሲታጠፍ ጠርዙ ከተሰነጠቀ ገና ነው። ነጩን አስቀድማለሁ፤ የቀይና የጥቁር ቀለም ከጣት ቶሎ አይለቅም። እጅ በውኃ ከታጠበ በደንብ ይድረቅ፤ ክሌዩ ውስጥ የታፈነ እርጥበትና አየር ሲጋገር ነጣ ያለ ግማሽ ጨረቃ መሳይ ምልክት ይተዋል።

እኩል ዶቃ በዓይን ግምት አይወጣም። ክሌዩን 12 ሚሊሜትር ውፍረት እስኪኖረው አድበልብዬ፣ ከማስመሪያ ጎን አስተኝቼ፣ በየ8 ሚሊሜትሩ በምላጭ እቆርጣለሁ። እያንዳንዱ ቁራጭ 12 ሚሊሜትር ድቡልቡል ይወጣዋል። ለሌላ መጠንም ስሌቱ ያው ነው፦ የውፍረቱ ሁለት ሦስተኛ።

ወዲያው አልበሳውም፤ በመዳፍ ሙቀት ስለለሰለሰ ይጨፈለቃል። ፍሪጅ ውስጥ ሩብ ሰዓት ያህል ካረፈ በኋላ ወፍራም መርፌ እያሽከረከርኩ አስገባለሁ። ጫፉ በወዲያኛው በኩል ብቅ ሲል ነቅዬ ከዚያ ወገን እጨርሳለሁ። በአንድ በኩል ብቻ ከተገፋ መውጫው ያብጣል።

ብዙ ዶቃ የሚበላሸው ኦቨን ውስጥ ነው። ሙቀቱ እንደ ክሌዩ ዓይነት ይለያያል፦ ፊሞ ሶፍት የሚባለው ክሌይ ፓኬት 110 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ30 ደቂቃ ይላል፤ ስካልፒ ፕሪሞ የሚባለው ሌላው ዓይነት 130 አካባቢ ይፈልጋል። የኦቨኑን ቁልፍ አላምንም፤ በተለይ የጋዝ ከሆነ። አዲስ ቀለም ከመግዛት በፊት የኦቨን ቴርሞሜትር መግዛት ይሻላል። ማቃጠልን ፈርቶ ቶሎ ማውጣትም ጉዳት አለው፦ ዱቄቱና ማለስለሻው በቅጡ ስላልተዋሃዱ ዶቃው ደህና መስሎ ክር ሲጎተትበት ከቀዳዳው ጀምሮ ይፈረፈራል። እንደ ባቄላ ቅቅል ከፍታ አያዘገየውም፤ አዲስ አበባም ቢሆን የፓኬቱ ሰዓት ይበቃል። ዶቃዎቹን ሳይነካኩ ሽቦ ላይ ሰክቼ፣ ሽቦውን በመጋገሪያው ጠርዝ ላይ አጋድሜ፣ ከላይ በፎይል እሸፍናለሁ። ዝርግ ነገር ላይ ከተቀመጡ ታችኛው ጎናቸው ጠፍጣፋ ይሆናል። ክሌዩ ከተቃጠለ ሃይድሮጂን ክሎራይድ የሚባል ጎጂ ጋዝ ስለሚወጣው ኦቨኑን አጥፍቶ፣ መስኮት ከፍቶ መውጣት ነው።

ሲቀዘቅዝ ውኃ ውስጥ በ400፣ በ600፣ ከዚያ በ1000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት እፈገፍገዋለሁ፤ በውኃ የሆነው አቧራው እንዳይበን ነው። በአሮጌ ጂንስ ሲወለወል ያለ ቫርኒሽ ያብረቀርቃል። የግድ ቫርኒሽ ካስፈለገ በውኃ የሚቀጥን አክሪሊክ ይሁን። የጥፍር ቀለም ውስጥ ያለው ማሟሚያ ክሌዩን ስለሚያለሰልሰው ዶቃው ውሎ አድሮ ይጣበቃል፤ ያ ደግሞ ታጥቦም አይለቅም።