ለአሮጌ ሃይሉክስ ጌጅ ስመርጥ የተማርኩት

ከሸዋሮቢት ሽንኩርትና ማሾ ጭኖ ወደ ደብረ ብርሃን የሚመላለስ ሰው የሞተሩን አቅም የሚያውቀው ጣርማበር ላይ ነው። ሸዋሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የጣርማበር አናት ከ3,000 ሜትር ያልፋል። የእኔ መኪና 2.8 ሊትር የናፍጣ ሞተር ያላት፣ ቱርቦ የሌላት አሮጌ ቶዮታ ሃይሉክስ ናት። ዳሽቦርዷ ላይ ያለው የሙቀት ጌጅ «ቀዝቃዛ» እና «ሙቅ» የሚሉ ሁለት ፊደላት ብቻ እንጂ ቁጥር የለውም። የዘይቷ ቀይ መብራት ደግሞ የሚበራው ግፊቱ ሊያልቅ ሲል ነው። ያን ጊዜ ማስጠንቀቂያ ሳይሆን መርዶ ነው።

ስለዚህ ሦስት ጌጆች ለመጨመር ወሰንኩ፤ የውሃ ሙቀት፣ የዘይት ግፊትና የባትሪ ቮልት። የቱርቦውን አልፈለግሁትም፤ ለማስዋብ ብቻ ዳሽቦርድ አይበሳም።

ከሁሉ በላይ ቁጥር ያለው የሙቀት ጌጅ የሚያስፈልገን በአገራችን ከፍታ ምክንያት ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች በክፍት ድስት የተጣደ ውሃ በ90 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ራዲያተር ውስጥ ያለው ውሃ ከ110 ዲግሪ በላይ ሳይፈላ የሚቆየው ክዳኑ ግፊት ስለሚይዝለት ነው። የክዳኑ ጎማ ከደከመ ያ ሁሉ ትርፍ ይጠፋል። ቴርሞስታቱ (ሞተሩ ሲሞቅ ውሃውን ወደ ራዲያተር የሚለቀው በር) በ82 ዲግሪ ገደማ የሚከፈት ሞተር በደከመ ክዳን ጣርማበርን ሲወጣ በደህናና በሚፈላ መካከል የሚቀረው ጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው። ጌጅ ከመግዛቴ በፊት አዲስ ክዳን የገዛሁትም ለዚህ ነው፤ ማንም እንዲሁ እንዲያደርግ እመክራለሁ።

ለውሃው ሙቀት በቀጭን የመዳብ ቱቦ የሚሠራውን ሜካኒካል ጌጅ መረጥኩ። ኤሌክትሪክ አይፈልግም፤ የባትሪ መድከም አያዛባውም። ቱቦው ግን አይቆረጥም፣ አይታጠፍም። የተረፈውን በሰፊው ጠቅልዬ አሰርኩት፤ በብረቱ ግድግዳ በሚያልፍበት ቀዳዳ ላይም ጎማ አደረግሁለት። ለዘይቱ ግን ሜካኒካል አልፈለግሁም፤ ምክንያቱም ቱቦው ትኩስ ዘይት እስከ ጋቢና ያመጣል፣ ሲፈነዳም እግር ላይ ነው።

መርካቶ ሶማሌ ተራ የዘይቱን ጌጅ ከመደርደሪያ አውርዶ ያሳየኝ ልጅ «ጋሼ፣ ሴንሰሩ ችግር የለውም፣ የማንኛውም ይሠራል» አለኝ። አይሠራም። ሴንሰሩ የዘይቱን ግፊት በኤሌክትሪክ መቋቋም፣ ማለትም በኦም፣ ለጌጁ የሚነግረው ነው፤ በአውሮፓ የተለመደው ሴንሰር ግፊት ሳይኖር 10 ኦም ገደማ ያሳያል፣ ግፊቱ ሲጨምር ወደ 180 ይወጣል። የአሜሪካኑ ተቃራኒ ነው፤ ከ240 ተነስቶ ወደ 33 ይወርዳል። የአንዱን ሴንሰር ከሌላው ጌጅ ጋር ያገናኘ ሰው ዘይት ፈጽሞ በሌለበት ሞተር ላይ መርፌው ሙሉ ግፊት ሲያሳየው ሊያይ ይችላል። «እስቲ የኦም መለኪያ አምጣልኝ የኔ ልጅ» ብዬ አንዱን ጫፍ በሴንሰሩ እግር፣ ሌላውን በአካሉ ላይ አድርገን ለካን። ከጌጁ ወረቀት ጋር የተስማማውን ይዤ ተመለስኩ። ከዚያ ወዲህ የማምነው ጌጅና ሴንሰር በአንድ ካርቶን ሲሸጡ ነው።

ሌላው ሴንሰሩ የሚጠመዘዝበት ጥርስ ነው። የቶዮታው ቀዳዳ በኢንች 28 ጥርስ አለው፤ የአሜሪካኑ ሴንሰር 27። በእጅ ሲገባ የገጠመ ይመስላል፣ ከዚያ ይጣበቃል። በቁልፍ ማስገደድ የሞተሩን ብረት ማበላሸት ስለሆነ ትክክለኛውን ማገናኛ አስፈልጌ ገዛሁ። የፋብሪካውን ቀይ መብራትም አላስወጣሁም፤ በባለ ሦስት አፍ ማገናኛ ሁለቱም ይሠራሉ። የናፍጣ ሞተር ንዝረት ከባድ ሴንሰር የተንጠለጠለበትን ነሐስ ስለሚሰብር ሴንሰሩን በአጭር የግፊት ጎማ አርቄ በሰውነቷ ብረት ላይ አሰርኩት፤ ኔጌቲቭ ሽቦም ለብቻው ተሰጠው።

የውሃውን ሙቀት መለኪያ ከቴርሞስታቱ በፊት፣ ውሃው ከቴስታታው (ከሞተሩ የላይኛው ክፍል) በሚወጣበት ቦታ አስገባሁት። ላይኛው የራዲያተር ጎማ ላይ ማድረግ ይቀላል፤ ነገር ግን እዚያ ቴርሞስታቱ እስኪከፈት ድረስ የሞተሩ ሙቀት አይደርስም። መለኪያው ውሃ ውስጥ መዘፈቅ እንዳለበትም መዘንጋት የለበትም። ውሃው ፈስሶ ካለቀ በአየር ላይ ይቀርና ዝቅ አድርጎ ያነባል። ዳገት ላይ መርፌው በድንገት ሲወርድ ያየ ሰው ደስ አይበለው፤ ወዲያው ዳር ይዞ ያጥፋ።

ጌጁ የነገረኝ የመጀመሪያ እውነት ያልጠበቅሁት ነበር። በደብረ ብርሃን የኅዳር ብርድ ሜዳ ላይ ስነዳ መርፌው 60 እንኳ አልደረሰም። ቀዳሚው ባለቤት ሙቀት ይቀንሳል ተብሎ ቴርሞስታቱን አስወጥቶት ኖሯል። ይህ በየጋራዡ የሚሰጥ ምክር ነው፤ እኔ አጥብቄ እቃወመዋለሁ። ቀዝቅዞ የሚሠራ ሞተር ናፍጣ ይበላል፣ ሲሊንደሩም ቶሎ ያልቃል። ቴርሞስታቱ ከተመለሰ በኋላ ሜዳ ላይ ከ85 አትርቅም፤ ጭነት ይዛ ከደብረ ሲና ወደ ላይ ስትወጣ ወደ 95 ትጠጋለች፣ ያኔ ማርሽ ቀንሼ በዝግታ እወጣለሁ።

የቮልቱ ጌጅ ብዙ ወሬ አይፈልግም። ሞተር ሲሠራ ከ13.8 እስከ 14.4 መሆን አለበት። አምፔር የሚለካውን አትግዙ፤ የመኪናው ጅረት በሙሉ በእሱ ስለሚያልፍ ሽቦው ከላላ እሳት ያስነሳል።

ሲገጠሙ ሦስቱንም አዙሬ ደህና ሲሆኑ መርፌያቸው ቀጥ ብሎ ወደ ላይ እንዲያይ አደረግሁ፤ ጠመዝማዛው ላይ ቁጥር ማንበብ ሳያስፈልገኝ ያዘመመውን በጨረፍታ አያለሁ። መብራታቸውን ከዳሽቦርዱ ማደብዘዣ ጋር አገናኘሁት፤ የጣርማበር ጉም ውስጥ ደማቅ ሰማያዊ መብራት መስታወቱ ላይ እያንጸባረቀ መንገዱን ይጋርዳልና።